ጂዳ አንድ እንዝርት ናት

መካነ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ሻይ የምትሸጠውን ራሕማን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ለከተማው እንግዳ ነው ወይ ሴት ልጅ የለውም። ሴት ልጅ ያለው ሁሉ አንድ ቀን መጥቶ ከዚያች ከምትወላገድ አግዳሚ ወንበሯ ላይ መቀመጡ አይቀርም። ለሻዩ ብሎ አይደለም። ሻይዋ ስኳር ብቻ ነው፣ የጠዋት ጮርናቄዋም ከሰዓት ላይ ጥርስ ይሰብራል። የሚመጣው አንድ ነገር ሊጠይቅ ነው፤ አውሮፕላኑ ጂዳ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል።

ራሕማ ጂዳ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ከዚያ ያመጣችው ነገር ቢኖር ስሟን ነው፤ ራሕማ ጂዳ ይሏታል። አውሮፕላን የወጣማ በከተማው ሞልቷል፣ ግን እንደሷ አድርጎ የሚያወራው የለም። እናቶቹ አፋቸውን በነጠላ ከልለው ይጠይቃሉ። መስኮቱ ይከፈታል ወይ? ደመና ውስጥ ሲገባ አያረጥብም? ሽንቷ ቢመጣ አቁሙልኝ ትላለች? እሷ ደግሞ ብርጭቆዋን እያለቀለቀች፣ ልክ እንደ አሮጌ ሹፌር አንድ ዓይኗን ጨፍና ትመልሳለች። አያረጥብም። ሽንት ቤት እዚያው አለው። ምግብ ያመጡላታል፣ ሩዝ ነው፣ የሕፃን ጉርሻ ታህላለች። ቦሌ ተሳፍራ ሩዟን በልታ፣ ሻይዋን ሳትጨርስ ቀይ ባሕር ከሥሯ ነው። ሁለት ሰዓት ከምናምን፣ አለቀ። ከዚያ ትንሽ ዝም ትልና የሁሉንም ጭንቅ የምትፈታዋን ትጨምራለች፤

«ወላሂ፣ ጂዳ ከደሴ ትቀርባለች።»

ውሸት ደግሞ አይደለም። ከመካነ ሰላም ደሴ ለመድረስ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ትገባለህ፣ ጉልበትህ አገጭህ ሥር ይቀመጣል፣ የማታውቀው ሰው ዶሮ ጫማህ ላይ ያሻትን ታደርጋለች፣ አቀስታ ላይ ብርዱ ጆሮህን ይቆርጠዋል፣ ደሴን የምታያት ፀሐይ ካዘቀዘቀች ነው። እሱም መንገዱ ደህና የሆነ ቀን። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ማን ዘጋው አይባልም፤ ተዘጋ ነው የሚባለው፣ ዘነበ እንደሚባለው። እንግዲህ በሰዓት ከሆነ ነገሩ፣ ራሕማ ልክ ናት።

የማታወራው ሌላ ነው። ስትመለስም አውሮፕላኑ የፈጀው ያንኑ ያህል ነው። አውሮፕላኑ ጋ እስክትደርስ ግን ተመላሽ የሚታጎርበት አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከስንትና ስንት ሴት ጋር ወለል ላይ ከርማለች፣ ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ። ጎኗ የነበረችው የከሚሴ ልጅ አንድ ጠዋት ሲቀሰቅሷት አልነቃችም። ራሕማ ይሄንን ከጉዞው አትቆጥረውም። ማንስ ጠየቃት? የሚጠየቀው ከቦሌ ጂዳ ያለው ነው። ሰማዩ ነው።

ከራሕማ ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራው እት በዛች ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ የምትኖረው ፈትል ፈትላ ነው። እጇ አያርፍም። ለቅሶ ቤት ሳይቀር እንዝርቷን በነጠላዋ ሥር ይዛ ትገባለች ብለው ያሟታል፣ ሐሜቱም እውነት ነው። ልጆቿ ሁለት ናቸው። ትልቁ፣ አወቀ፣ አዲስ አበባ ግንብ ይገነባል። ታናሿ መቅደላዊት ከእናቷ በአንድ ራስ የምትረዝም፣ ስትስቅ ከመናኸሪያው ማዶ የምትሰማ ልጅ ነበረች። ትምህርቱ አልሆነላትም። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ እሷም ካልሄድኩ አለች። እናቷ እንቢ አለች።

የእት በዛች እንቢታ አንድ ቃል ነበር፤ ብትታመም በምን እደርስላታለሁ። ገጠር ሳሉ ይቺው ልጅ በሕፃንነቷ ታማባት፣ በጀርባዋ አዝላ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ቁልቁል ብላ ሆስፒታል ያደረሰች ሴት ናት። ለሷ ሩቅም ቅርብም የሚባለው ልጅ አዝለው ሲደርሱበት ነው። ጂዳን ደግሞ በዚህ አትለካትም።

መቅደላዊት ራሕማን ለመነቻት። አንቺን ትሰማሻለች፣ የሰፈሩ ሁሉ እናት አንቺን ነው የሚሰማ አለቻት። ራሕማ መለመን ትወዳለች፣ ይሄ አይደበቅም። ሄዳ እት በዛች ደጃፍ ተቀመጠችና ሩዙንም፣ ቀይ ባሕሩንም፣ ሁሉንም አወራች። ልጅቷ ጠዋት አመመኝ ብትል ማታ እዚህ በር ላይ ናት አለቻት። ደሴ ካለው ዘመድዎ ይልቅ ለርስዎ እሷ ትቀርባለች አለቻት።

እንዝርቷ ቆመች። «ወላሂ በይ» አለች እት በዛች።

«ወላሂ።»

ክርስቲያኗ በሙስሊሟ መሐላ አመነች። ራሕማ በሌላው ሁሉ ብትቀጥፍ በዚህ እንደማትቀልድ ታውቃለች።

በመሄጃዋ ቀን መቅደላዊት ከቦሌ ደወለች። ልገባ ነው፣ ስልክ ዝጉ እያሉን ነው አለች። እት በዛች ባዶ እንዝርት አነሳች፣ አዲስ ጥጥ ያዘች፣ መፍተል ጀመረች። ራሕማ አጠገቧ ተቀምጣ አሁን ይኼኔ ሩዙን ሰጧት፣ አሁን ባሕሩ ላይ ናቸው እያለች እንደ ራዲዮ ታስተላልፍ ነበር። እንዝርቱ ሞልቶ እት በዛች ልታወርደው ስትል ስልኩ ጮኸ። እማዬ ደረስኩ።

እት በዛች የሞላውን እንዝርት ከፍ አድርጋ አየችው። ይኸው ነው እንዴ አለች። ይኸው ነው አለቻት ራሕማ።

ከዚያ ወዲያ ሰዓት የሚባል ነገር ተረሳ። እት በዛች ገበያ ወጥታ ላገኘችው ሁሉ ጂዳ አንድ እንዝርት ናት ትላለች። ድርጭት የምታህል ሴት አንገቷን እንደ ዳኛ ቀጥ አድርጋ ስታወራ ለጉድ ነበር። ራሕማ የጀመረችውን እሷ ጨረሰችው፤ ስንቷ እናት በዚያች እንዝርት ልጇን ሸኘች። መቅደላዊት አርብ አርብ ስትደውል ደግሞ እናቷ የምትላት አንድ ነገር ነው። ስትመጪ ስትገቢም ደውይ፣ ስትወርጂም ደውይ፣ እኔ እንዝርቴን ይዤ እቀመጣለሁ። መቅደላዊት ያቺን ሳቋን ትስቃለች። እሺ እማዬ፣ ስገባም ስወርድም።

በሁለተኛው ዓመት መቅደላዊት ሞተች።

ከፎቅ ወደቀች ያለ አለ፣ ታማ ነው ያለ አለ፣ እንዲያው አልጋዋ ላይ ተገኘች ያለም አለ። ወሬው መጀመሪያ ለአወቀ ደረሰው፤ አወቀ ለእድሩ ዳኛ ለአያ ገበየሁ ደወለ። አያ ገበየሁ አንድ ነገር ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ እንግዲህ ይላሉ፣ እንደገና ይጠርጋሉ፣ እንግዲህ ይላሉ፣ ነገሩ ሳይጀመር ሰው ይደክመዋል። ያን ቀን ግን ቶሎ ተናገሩ። ሬሳው እስኪመጣ ድረስ ለእናትዮዋ ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር አሉ።

በዚህ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ደጅ መጥቶ፣ ትልቅ ሰው ቆሞ ነው የሚያረዳ። ሬሳ በሌለበት ከተረዳች አንድ ጊዜ ዛሬ ታለቅሳለች፣ አንድ ጊዜ ሳጥኑ ሲመጣ፤ ሁለት ጊዜ አንግደላት ተባለ። ሁሉም ልክ ነው አለ። ያልታሰበው ሬሳው መቼ እንደሚመጣ ነው። አንዱ ቢሮ ለሌላው ቢሮ ሲል፣ ያኛው ለዚህኛው ሲል፣ ልጅቷ ጂዳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከረመች። ራሕማ ስትሰማ የመጣባት ያ አዳራሽ ነው።

የማን ሚስት ከማን ጋር ሻይ እንደጠጣች ብርጭቆው ሳይቀዘቅዝ የሚያወራ ከተማ ይቺን አንዲቷን ዋጣት። ጥቁር የለበሱ ዘመዶች በእት በዛች በር ሲያልፉ ሻሻቸውን አውልቀው ብብታቸው ሥር ይወሽቃሉ። ሴቶቹ ደህና ነሽ ወይ ብለው አይጠይቋትም፣ ድምፃቸውን አያምኑትማ። የልጅቷ ስልክ ለምን ዝም እንዳለ ማስረዳት ደግሞ ለራሕማ ተሰጠ። ጂዳን የምታውቅ እሷ ናት።

ማዳሟ ስልኳን ወስዳባት ነው አለቻት ራሕማ። አብሽሪ ይላሉ እዚያ፣ አይዞሽ እንደማለት፤ ይመልሱላታል።

«ያንቺንም ወስደውብሽ ነበር?» አለች እት በዛች።

«አዎ።»

«ይሄን አልነገርሽኝም ነበር።»

ራሕማ ብርጭቆ ልጠብ ብላ ተነሳች፣ የሚታጠብ ብርጭቆ ግን አልነበረም።

በመጨረሻ አወቀ ደወለ፤ የዛሬ ሳምንት ይጫናል፣ እኔ ቦሌ ሄጄ እቀበላለሁ፣ መኪና ይዤ በደሴ በኩል እመጣለሁ አለ። አያ ገበየሁ ሰዎቹን ሰብስበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንግዲህ ለቀስተኛ ሊመጣ ነው፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ጠላ እንኳ የለም። ስለዚህ ልጅሽ እየመጣች ነው እንበላት፣ ደስ ብሏት ትጠምቃለች፣ ቤቷንም ታዘጋጃለች፣ እኛም ሬሳው ሲደርስ እናረዳታለን አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለው ብልሃት የሚመጣ ብዙ ሽማግሌ አንድ ላይ ሲቀመጥ ነው።

ራሕማ ብቻ እንቢ አለች። ትመጣለች በሏት፣ ተሳፈረች ግን አትበሏት፣ ትቆጥረዋለች አለቻቸው።

«ምን አባቷ አድርጋ ትቆጥራለች» አሉ አያ ገበየሁ። «ፊደል አልቆጠረች።»

«በእንዝርት።»

ሳቁባት። ኋላም ንገሪ ያሏት እሷኑ ነው።

እት በዛች ጠላውን ጠመቀች፣ ቤቷን ለቀለቀች፣ የመቅደላዊትን አልጋ አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። አልጋው ደጅ ላይ ሆኖ መንደሩ እያየ ያልፋል። በሳምንቱ ራሕማ መጣችና ዛሬ ተሳፍራለች አሉ አለቻት። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደ ትኩስ ድንች ነበር።

ስትገባ አልደወለችም አለች እት በዛች። ስልክ የላትም እኮ አለች ራሕማ። እሺ አለች። ባዶ እንዝርት አነሳች።

ራሕማ እንደዚያን ጊዜው አጠገቧ ተቀመጠች። ስለ ሩዙ አላወራችም። ስለ ባሕሩም አላወራችም። ክሩ ቢበጠስ ብላ ተመኘች፣ እሳት ቢነሳ፣ ላም ቢገባ፣ ምናምን ቢፈጠር ብላ ተመኘች። የእት በዛች ክር ደግሞ ተበጥሶ አያውቅም። እንዝርቱ ሞላ። ስልኩ መሶቡ ላይ ተቀምጧል፣ ዝም ብሏል።

እት በዛች ስልኩን አንስታ ለራሕማ ሰጠቻት። አወቀ ነው አይደል የሚቀበላት፣ እሱ ስልክ አለው፣ ደውይልኝ አለች።

ራሕማ ደወለች። አወቀ ያኔ ቦሌ ዕቃ ማውጫው በር ላይ ቆሟል። አውሮፕላኑ በሰዓቱ አርፏል፤ ያ አውሮፕላን አንድም ቀን ራሕማን ውሸታም አላደረጋትም። ስልኩ ላይ «እማዬ» የሚለውን አየ፣ ኪሱ ከተተው። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ቆመ። እንደገና ደወለች፣ ጮኾ ጮኾ ቆመ።

ኔትወርክ ነው አለች ራሕማ።

እት በዛች ስልኩን ተቀበለቻትና መሶቡ ላይ መለሰችው። የሞላውን እንዝርት አወረደች። ሌላ ባዶ አነሳች፣ ጥጥ ያዘች፣ ቀጠለች።

መንገዱ የተዘጋው በዚያው ሰሞን ነው። ሳጥኑ ደሴ ደርሶ አላልፍ አለ። አወቀ ደሴ ላይ ከሳጥኑ ጋር ተቀምጦ ለአያ ገበየሁ ይደውላል፣ አያ ገበየሁ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነገ ይከፈታል ይላሉ። ጠላው ደርሶ ሊበላሽ ቀረበ። እት በዛች ትፈትላለች። እንዝርት ይሞላል፣ ታወርዳለች፣ ሌላ ታነሳለች። የመጣላትን እህል ትቀምሳለች እንጂ አትበላም። ልጄ የት ደረሰች የሚል ቃል አልወጣትም። ሽማግሌዎቹ አልነቃችም፣ ተመስገን ነው አሉ። ራሕማ ግን ማታ ማታ ግድግዳው ማዶ የእንዝርቷን ሽርታ እየሰማች እንቅልፍ አጣች።

አንድ ቀን ሸማኔው አህመዲን ሻይ ሊጠጣ መጣ። አህመዲን ወሬ የሚወድ ሰው ነው፣ የዚያን ዕለት ግን ሻዩን ሲያማስል ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። እት በዛች ያን ሁሉ ልቃቂት ተሸክማ መጥታ ሥራልኝ አለችው። ምን ዓይነት ጥለት ላድርግበት ቢላት ጥለት የለውም፣ ነጭ ብቻ አለችው። ቁመቱንስ ቢላት ተነስታ ቆመችና እጇን ከራሷ በላይ አንስታ ለካችለት።

ራሕማ ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ትታ ሄደች።

እት በዛች ደጃፏ ላይ ነበረች። እጇ ባዶ ነበር፤ ራሕማ እጇን ባዶ ያየቻት ያኔ ነው፣ በዕድሜዋ። አጠገቧ ቁጭ ስትል እንባዋ ቀደማት።

«ዝም በይ» አለች እት በዛች። «ወንዶቹ ይምጡና ይናገሩ። የደከሙበት ነው።»

«እት በዛች፣ ቅርብ ነው ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

እት በዛች ወደ መንገዱ ትመለከት ነበር። ልጇ ስትወርድ ሳትደውል እንደማትቀር፣ አወቀም የእናቱን ስልክ የማያነሳ ልጅ እንዳልሆነ፣ የመጀመሪያዋ እንዝርት ሞልታ ስትወርድ ሁሉም ነገር እንዳለቀ ነገረቻት። ስትናገር የገበያ ዋጋ የምትናገር ነው የምትመስል።

«ቅርብማ ነው» አለች በመጨረሻ። «ስትሄድም አንድ እንዝርት፣ ስትመጣም አንድ እንዝርት። አልዋሸሽኝም። አሁን ደሴ ናት አይደል?»

ራሕማ ራሷን ነቀነቀች።

«ይኸው እንግዲህ፣ ከደሴ መምጣት አቃታት። ጂዳ ከደሴ ትቀርባለች።»

ራሕማ ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ብላዋለች፣ ለስንት እናት። ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማት ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

መንገዱ ተከፈተ። ጎህ ሲቀድ አያ ገበየሁ ሰዉን አስከትለው መጡ፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ራሕማም ከሴቶቹ ኋላ። እት በዛች ለብሳ፣ ነጩን ሸማ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ደጅ ተቀምጣ ነበር። አያ ገበየሁ ደነገጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እንግዲህ አሉ፣ እንደገና ጠረጉ። እስኪጨርሱ ድረስ ጠበቀቻቸው። አንድም ቃል አላቋረጠቻቸውም። ከጨረሱ በኋላ ነው ተነስታ የጮኸችው፣ ያ ሁሉ ሰሞን የታፈነው አንድ ላይ ነው የወጣ። አያ ገበየሁ ኋላ ሲያወሩ እንዲያ ያለ ጩኸት በዕድሜዬ አልሰማሁም አሉ፣ ስላረዷትም መሰላቸው።

ሳጥኑ በምስማርና በብረት የታሸገ ነበር። አይከፈትም ተባለ። ነጩ ሸማ ልጅቷን ሳይነካት ቀረ፤ ሳጥኑ ላይ ዘረጉትና እንዲያው ከላይ አፈር ተመለሰበት። ከእኔ በአንድ ራስ ትረዝማለች ብላ ያሠራችው ሸማ በሳጥኑ በሁለቱም ጎን ተንጠልጥሎ ተረፈ።

ያቺ አግዳሚ ወንበር ዛሬም እንደተወላገደች ናት። እት በዛች ከተዝካሩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚያ መጥታ ትቀመጣለች። ትፈትላለች፣ አታወራም። ራሕማ ሻይ ትሰጣታለች፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

አንድ ማክሰኞ አስቻለች የምትባል ሴት ከገጠር መጣች፣ ልጇን አስከትላ፣ ልጅቷም አዲስ ቦርሳ ይዛ። አስቻለች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ስለ አውሮፕላኑ ሰው ሁሉ አንቺን ጠይቂ ይለኛል፣ ጂዳ ስንት ሰዓት ይፈጃል አለች።

ራሕማ ብርጭቆዋን አለቀለቀች። እንደገና አለቀለቀችው።

«እኔ እንጃ» አለች። «ተኝቼ ነበር።»

አስቻለች ቀልድ መሰላትና ጠበቀች። ራሕማ ሌላ ብርጭቆ አነሳች። ሴትዮዋ ቆይታ ቆይታ ልጇን ይዛ ወደ ሚኒባሶቹ ሄደች።

«ተኝቼ ነበር አልሽ?» አለች እት በዛች፣ ከክሯ ቀና ሳትል።

«አዎ።»

«መንገዱን ሙሉ?»

«መንገዱን ሙሉ።»

እት በዛች በአፍንጫዋ ትንሽ አየር አወጣች። ሳቅ ይሁን ሌላ ራሕማ አላወቀችም።

ማዶ የደሴው ሚኒባስ ሹፌር ክርኑን በመስኮቱ አውጥቶ ከአስቻለች ጋር ያወራል። አውሮፕላን ወጥቶ አያውቅም፣ ስንት ዓመት ግን ከዚያች ወንበር ላይ ሻይ ጠጥቷል። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ምግቡ ሩዝ ነው፣ ትንሽዬ ናት፣ የሕፃን ጉርሻ ታህላለች አላት። ሻይዋን ሳትጨርስ ቀይ ባሕር ከሥሯ ነው አላት። ከዚያ ትንሽ ዝም አለ፣ ዝም የሚባልበትን ቦታ እንኳ አልሳተም።

«ወላሂ፣ ጂዳ ከደሴ ትቀርባለች።»

የአስቻለች ፊት ፈታ አለ። ልጅቷ ቦርሳዋን አቅፋ ገባች። በሩ ተዘጋ።